«ባሌ ዋሾ ነው ወይስ ታሟል?»

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 35 ነው። ካገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ። የስምንት ዓመት ወንድና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አሉን። የምንኖረው አዲስ አበባ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ባለቤቴ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሽያጭ ላይ ይሠራ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት። አምና ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ባሌ እንቅልፍ አጣ። እንደ ሰው ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት መድከም አይደለም። ሁለት ሰዓት ብቻ ይተኛል፣ ሲነሳ ደግሞ ድካም የሚባል የለበትም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ለወንድሞቹ ይደውላል። ወሬው አይጨበጥም፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ሦስት አይሱዙ ገዝቶ ከጅቡቲ ዕቃ ሊያመላልስ ነው፣ በዓመቱ ቪላ ሊሠራልን ነው። ለሕንፃው ጥበቃ 5,000 ብር አውጥቶ ሰጠው። ተው ስለው ጮኸብኝ፣ ብርጭቆ አንስቶ ግድግዳው ላይ ሰበረው። ከዚያ በፊት በስምንት ዓመት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ከጓደኞቹ 380,000 ብር ተበድሮ ለመኪና ቀብድ ሰጥቷል። ይህን ያወቅሁት ግን አሁን ነው።

የካቲት መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደቀ። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ከአልጋ አልወርድም አለ። ገላውን አይታጠብም፣ ልጆቹን አያናግርም። ለመሥሪያ ቤቱ «ታይፎይድ ነው» አልንለት። ከፋሲካ በኋላ ግን ተነሳ፣ ደህና ሆነ። ጠዋት ለብሶ ቦርሳውን ይዞ ይወጣል፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ይገባል፣ ወር ሲደርስ ደሞዙን ያመጣል። እፎይ አልኩ።

ባለፈው ጥቅምት ለቅሶ ቤት አንድ የሥራ ባልደረባውን አገኘሁት። «ሌላ ሥራ አገኘ እንዴ?» አለኝ። ለካ ሚያዝያ ላይ ተሰናብቷል። ስድስት ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተቀምጦ፣ ሲሰለቸው ካፌ ገብቶ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ቤት ይመጣ ነበር። ደሞዝ እያለ የሚሰጠኝ የተበደረውን ነው። ነሐሴ ላይ ደግሞ የእኔ የዕቁብ ዕጣ ወጥቶ ነበር፣ 240,000 ብር። የሥራ ሰዓት ስለሆነ እሱን ልኬው «ዳኛው ወደ ኋላ አዛውሮታል» አለኝ፣ አመንኩት። ከነሐሴ ወዲህ በገዛ ዕቁቤ ብር ነው ደሞዝ ሲከፍለኝ የከረመው።

አሁን ደግሞ ቤቱን አስይዘን ከባንክ እንበደርና ዕዳውን እንዝጋ፣ ፈርሚ ይለኛል። ቤቱ በእኔ ስም ነው። ከአራት ዓመት በፊት ግን ሙሉ ውክልና ሰጥቼዋለሁ። አንዱ አበዳሪ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥቶ ሰው ፊት አዋረደኝ።

እናቱ «ዓይን ነው፣ ጸበል ውሰጂው» ይላሉ። አንድ አጎቱም በወጣትነታቸው እንዲህ ሆነው ገዳም ገብተው እንደቀሩ ሰምቻለሁ። ወንድሜ «አጭበርባሪ ነው፣ ፍቺው» ይላል። ሽማግሌዎቹ ታረቁ አሉን። እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይህ ሰው ዋሾ ነው ወይስ ታሟል? ዋሾ ከሆነ ልተወው፣ ከታመመ ላስታምመው። እሱን ስጠይቀው ያለቅሳል፣ «እኔ ባልኖር ይሻላችኋል» ይላል፣ ከዚያ በላይ አይናገርም። እባክዎ መላ በሉኝ።

ግራ የገባት፣ ከጀሞ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ስጨርስ መልሼ ከመጀመሪያው አነበብኩት። መልሴን ግን የምጀምረው ከመጨረሻው ነው። «እኔ ባልኖር ይሻላችኋል» ይላል ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። እኔ ከዕቁቡም ከቤቱም በፊት ያየሁት እሱን ነው።

ሥራውን ያጣ፣ ዕዳ ያነቀው፣ ውሸቱ የተገለጠበት፣ በዚያ ላይ ሁለት ወር አልጋ ላይ የከረመ ሰው እንዲህ ሲል የሚያባብል ለቅሶ ብቻ አድርገሽ እንዳትወስጂው። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ጎኑ ተቀምጠሽ በግልጽ ጠይቂው። «ባልኖር ስትል ምን ማለትህ ነው? ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? አሁንስ?» በይው። ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ ብለሽ አትፍሪ። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም፣ ብዙ ሰው እንዲያውም የሚጠይቀው በማግኘቱ ሸክሙ ይቀልለታል። አዎ ካለሽ፣ በተለይ እንዴትና መቼ የሚለውን አስቦበት ከሆነ፣ ብቻውን አትተይው። ወንድሙን ጥሪ፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ቀጠሮ አትጠብቂ። አስቤ አላውቅም ቢልሽም ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒት፣ የአይጥና የተባይ መርዝ ከእጁ ይራቅ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ዋሾ ነው ወይስ ታሟል ብለሽ ሁለት በር ብቻ አቁመሻል። ሰው በሁለቱም በር ይገባል እኮ። የታመመ ሰው ይዋሻል፣ ዋሾም ይታመማል። ቤታችሁ ውስጥ ሁለቱም አብረው ያሉ ይመስለኛል፤ ሥራው አንዱን ከሌላው መለየት ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን የእናቴ ልጅ ወንድሜ በዚሁ መንገድ ላይ ዓመታት ስላሳለፈ ስለ ጥር ወር የጻፍሽውን ሳነብ ልቤ ደንግጧል። እንቅልፍ ሳይተኙ አለመድከም፣ የማያቋርጥ ወሬ፣ ድንገት የሚመጣ ታላቅ ዕቅድ፣ ገንዘብ መበተን፣ ተው ሲሉት መቆጣት፣ ይህ ሁሉ ከሳምንት በላይ ሲቆይ፣ ከዚያ ደግሞ ለሳምንታት መውደቅ። ሐኪሞች ባይፖላር የሚሉት ሕመም እንዲህ ይመጣል። አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ያነሳል፣ አንድ ጊዜ መሬት ላይ ይጥላል፣ በመካከሉ ሰውየው ደህና ሆኖ ይቆያል። ብዙውን ጊዜ በወጣትነት ይጀምርና ሳይታወቅ ዓመታት ያልፋሉ፣ ምክንያቱም ሰው ሲፈነድቅ ደስ ብሎታል፣ ሲወድቅ ደግሞ ደክሞታል ይባላል። በዘርም ይሄዳል። ገዳም ገብተው የቀሩት አጎት ለአማትሽ የድሮ ታሪክ ናቸው፣ ለሐኪሙ ግን ትልቅ ፍንጭ ናቸው፣ ሳትረሺ ንገሪው።

ሌላም ሊሆን ይችላል። ጫት የሚያዘወትር ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ያወራል፣ ዕቅድ ያወጣል፣ ምርቃናው ሲለቀው ይወድቃል። አልኮልም አለ። የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራም ሰውን ይለውጣል፣ እሱን የደም ምርመራ ያሳያል። ቤቲንግም አለ። ስድስት ወር ሙሉ ቀኑን ውጭ የዋለ፣ ብር የሚበደርና የሚደብቅ ሰው ስሰማ ስለ ውርርድ ሳልጠይቅ አላልፍም። አንቺም ጠይቂው። ሞባይሉ ላይ የባንክና የቴሌብር ዝርዝሩን አብራችሁ ተመልከቱት።

አሁን አንድ ደብተር ግዢ። ገንዘብ ያዥ ነሽና ይህን ከእኔ በላይ ታውቂበታለሽ። በአንድ በኩል የእንቅልፉንና የጠባዩን ነገር በየወሩ ጻፊ፤ መቼ ከፍ አለ፣ መቼ ወደቀ፣ መቼ ደህና ነበር። በሌላው በኩል የተዋሸሽውን ከነቀኑ ጻፊ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው።

እኔ ከደብዳቤሽ ብቻ ተነስቼ ሞክሬዋለሁ። ጥር ላይ 380,000 ብር የተበደረው ሰውየው ሲከንፍ ነው። በዚያ ሰዓት ሰውየው ዋሽቶ አይደለም፣ ሦስቱ አይሱዙ በእውነት ታይተውታል፣ ቪላውም ታይቶታል። እዚህ ላይ «እንዴት እንዲህ ትዋሸኛለህ» ማለት ንፋስ መውቀጥ ነው። የሥራው ውሸት ሌላ ነው። ከአልጋ ገና የተነሳ ሰው የስንብት ደብዳቤ ደረሰው፣ ዓይንሽን ማየት አቃተው፣ «ነገ እነግራታለሁ» አለ፣ ነገ ሳምንት ሆነ። ይህ ኀፍረት ነው። ኀፍረቱን ሕመሙ አክብዶት ይሆናል፣ ግን ምርጫም አለበት። የነሐሴው ዕቁብስ? ነሐሴ ላይ ባልሽ ይተኛል፣ ይበላል፣ ያስባል። ያንን ብር ተቀብሎ «ዳኛው አዛውሮታል» ያለው በደህና ጊዜው ነው። ለዚህኛው ሕመሙን አትጥሪለት። የደበቀው ሊያሞኝሽ ሳይሆን የመጀመሪያው ውሸት እንዳይታወቅበት ፈርቶ ሊሆን ይችላል፣ እኔም የሚመስለኝ እሱ ነው፤ ቢሆንም መጠየቅ ያለበት ሥራው ነው፣ ሲድን ቁጭ ብሎ ሊመልስልሽ ይገባል።

ይህን መለየት የጠቀመኝ እኔን ራሴን ነው። ወንድሜ ሲታመም ሁሉንም ነገር በሕመሙ አሳብቤ ስምር ኖሬ፣ አንድ ቀን ደግሞ በአንዴ ሁሉንም ጥፋት አድርጌበት ተጣላን። ሁለቱም ልክ አልነበረም።

እስከዚያው አንድ ነገር እንዳታደርጊ እለምንሻለሁ። መልሱን የምታውቂውን ጥያቄ አትጠይቂው። «ዛሬ የት ዋልክ?» «ያ ሰውዬ ምን ያህል ነው የሚፈልግብህ?» እያልሽ እያወቅሽ ስትፈትኚው የለመደው ውሸት ይወጣል፣ አንቺ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቁስል ትቆጥሪያለሽ። የምታውቂውን አንቺ ቀድመሽ ተናገሪ። «ከሚያዝያ ጀምሮ ሥራ እንደሌለህ አውቃለሁ። ዕቁቡንም አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ወር ብቻህን ተሸክመኸው ዞረሃል። አሁን ያለብህን ዕዳ በሙሉ ወረቀት ላይ ጻፍልኝ፣ ዛሬ አልጣላህም» በይው። ያልሽውንም ጠብቂ፣ ዛሬ አልጣላም ካልሽ ዛሬ አትጣዪ። የመጀመሪያው ዝርዝር ሙሉ አይሆንም። ከሳምንት በኋላ የረሳሁት አለ ብሎ ይመጣል። ያኔ ወረቀቱን አትቅደጂበት።

ወደ ቤቱ ጉዳይ ልምጣ፣ ይህ አይቆይም። ምንም ነገር ላይ እንዳትፈርሚ። ነገ ጠዋት የሰጠሽውን ውክልና ኮፒ አውጥተሽ አንብቢው። «መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ» የሚል ካለበት፣ ልክ ጥር ላይ እንዳደረገው አንድ ሳምንት ከከነፈ ቤታችሁ ሊሄድ ይችላል። ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ሄደሽ ሻሪው። መሻርሽንም ለእሱ በጽሑፍ አሳውቂው። ጀርባውን መውጋት አይደለም፣ ንገሪው። «ሲሻልህ አብረን እንነጋገርበታለን፣ አሁን ግን ለልጆቹ ብዬ ቤቱን እቆልፋለሁ» በይው። ለዕቁቡ ዳኛም ከእጄ በቀር ለማንም አትስጥ ብለሽ ንገሪ።

አበዳሪዎቹን በተመለከተ ሕጉ የማታውቂው ጋሻ ሰጥቶሻል። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 68 ላይ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር፣ ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆንም የሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ያለ ፈቃድሽ የተገባ ግዴታ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችያለሽ። ጊዜ ግን አለው፤ ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር፣ ባታውቂ እንኳ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት። አንቺ ያወቅሽው ጥቅምት ላይ ከሆነ ሚያዝያ ላይ በሩ ይዘጋል። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ። ለትዳሩ ጥቅም የዋለ ዕዳ የሁለታችሁ ዕዳ ተደርጎ ይወሰዳል። «ደሞዝ» እያለ የሰጠሽና ለአስቤዛ፣ ለትምህርት ቤት የከፈልሽው ብር እዚህ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የመኪናው ቀብድ ሌላ ነው። ስለዚህ የትኛው ብር የት እንደዋለ ለይተሽ ያዢና ጠበቃ አማክሪ። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። መሥሪያ ቤትሽ ለመጣው ሰውዬ ደግሞ «ጉዳዩን ሕግ እያየው ነው፣ እዚህ እንዳትመጣ» ብለሽ መልሺው። እከፍላለሁ የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ፣ በጽሑፍም በስልክም።

ሕክምናው። «እብድ ነህ፣ አማኑኤል እወስድሃለሁ» ብሎ የጀመረ ሰው ታማሚውን እስከ መጨረሻው ያጣዋል። ከእንቅልፉ ጀምሪ፤ ሰው እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ አያፍርም። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር ልታስጽፉ ትችላላችሁ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። የሄዳችሁበት ቦታ ላይ አንቺም አብረሽ ግቢ፣ ደብተሩንም ይዘሽ ግቢ።

ለምን መሰለሽ? እሱ አሁን የሚናገረው ስለ ሐዘኑ ብቻ ነው። ሐኪሙ የየካቲቱን ብቻ ከሰማ ድብርት ነው ብሎ የድብርት መድኃኒት ብቻ ሊያዝ ይችላል። ባይፖላር ያለበት ሰው ያንን ብቻውን ሲወስድ አንዳንድ ጊዜ ተመልሶ ወደ ጥር ይከንፋል። ስለዚህ ጥርን አንቺ ንገሪ። ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ስንት ብር እንደበተነ፣ የተሰበረውን ብርጭቆም። አንቺ ካልተናገርሽው እሱ አይናገረውም፣ ምክንያቱም ጥርን የሚያስታውሰው ደህና እንደነበረበት ወር ነው።

ሕመሙ ይኸው ከሆነ መድኃኒት አለው። ሊቲየም አለ፣ ቫልፕሮየት አለ፣ ካርባማዜፒን አለ፣ ኦላንዛፒን አለ፣ የትኛው እንደሚሆነው ሐኪሙ ያውቃል። ሳምንታት ይፈጃል፣ ሲሻለው ማቆምም የለበትም። ሊቲየም ከታዘዘለት ኩላሊቱና የእንቅርት ዕጢው በደም ምርመራ መታየት አለባቸው፣ ሰውነቱም ውሃ ማጣት የለበትም፤ የሚጾም ከሆነ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር። ጫት ካለ ይቅር። ሌሊት መተኛት ለእሱ እንደ መድኃኒቱ ነው። ለሁለት ሌሊት ሳይተኛ ትኩስ ሆኖ ካየሽው ሦስተኛውን አትጠብቂ።

አማትሽን ስለ ጸበሉ አትጣያቸው። ኪኒኑን ሳያቋርጥ ይጠመቅ፣ እናትየዋም ይዘውት ይሂዱ፣ ልጃቸው ነው። በኤችአይቪ ዘመን መድኃኒቱን ጥለው ጸበል የሚሉ ሰዎች ሲበዙ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ አስተምረዋል። ይህን ንገሪያቸው። ስለ አጎትየውም በእርጋታ ጠይቂያቸው። ምናልባት እሳቸውም ለሠላሳ ዓመት ለማንም ሳይናገሩ የያዙት ነገር ይኖራል።

ወንድምሽ ፍቺ ይላል። ላትፈቺው ትችያለሽ፣ ልትፈቺውም ትችያለሽ፣ ለሁለቱም መብት አለሽ፣ የታመመ ባል ትታ ሄደች የሚልሽንም አትስሚ። እኔ የምልሽ በዚህ ወር አትወስኚ ብቻ ነው። ምርመራው ይታወቅ፣ ሕክምናው ጥቂት ወራት ይሥራ፣ ከዚያ ደህና የሆነውን ሰውዬ አይተሽ ወስኚ። የምትመዝኚው ሕመሙን አይደለም። መድኃኒቱን ይወስዳል ወይ? የዕዳውን ዝርዝር አወጣልሽ ወይ? ስለ ዕቁቡ ሳታስለቅሺው ቁጭ ብሎ ተናገረ ወይ? እነዚህን ነው የምታዪው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ቤቱ ውስጥ ደህና ከሆንሽ ነው። ተመልሶ ከከነፈና እጁን ካነሳ፣ ወይም ልጆቹ ፊት ዕቃ መስበር ከጀመረ፣ ልጆቹን ይዘሽ ወንድምሽ ቤት ሂጂ፣ ሕክምናውን ከዚያ ሆነሽ አስጨርሺው። ሽማግሌዎቹን ደግሞ መልሰሽ ጥሪያቸውና ሥራ ስጫቸው፤ አንዱ አበዳሪዎቹን ያናግር፣ ሌላው በቀጠሮው ቀን ይዞት ይሂድ።

የስምንት ዓመቱ ልጅሽ ሁሉንም ያውቃል። ብርጭቆውን ሰምቷል፣ አባቱ ሁለት ወር ተኝቶ አይቷል። ካልነገርሽው የእኔ ጥፋት ነው ብሎ ያስባል፣ ልጆች እንዲህ ናቸው። «አባባ አሞታል፣ ሐኪም ቤት እየሄደ ነው፣ አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም» ብትይው ይበቃዋል። ዕዳውን አትንገሪው። አንቺም ከወንድምሽ ሌላ አንዲት የምታምኛት ሴት ፈልጊና ይህን የጻፍሽልኝን ሁሉ አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ ንገሪያት።

ሁለተኛው ደብዳቤ አጭር ነው፣ የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው።

እትዬ፣ ባለቤቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሆስፒታል ተኝታ ባይፖላር ነው ተባለች። ዴፓኮት የሚባል ኪኒን ታዘዘላት። ወሰድሽ? ስላት ወሰድኩ ትላለች። ባለፈው ሳምንት የክረምት ጫማ ካርቶን ውስጥ ሦስት ያልተነካ ብልቃጥ አገኘሁ። አሁን ኪኒን እቆጥራለሁ፣ እሷ ፖሊስ ሆንክብኝ ትላለች። ሐኪሟ ደግሞ ሕጉ አይፈቅድም ብሎ አያናግረኝም። ቀጠሮ ላይ የምታስተረጉምላት የ11 ዓመት ልጃችን ናት። ምን ላድርግ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ የእኔም ወንድም ኪኒኑን ፍራሽ ሥር ነበር የሚያስቀምጠው። እናታችን አንሶላ ስትቀይር አገኘችው። ቤቱ በጩኸት ተሞላ፣ እኔም ከጯኺዎቹ አንዷ ነበርኩ። ለምን እንደተወው የጠየቀው ከወራት በኋላ አንድ ነርስ ነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው መሐል ሲኒ ማንሳት አፍሮ፣ ቡና ጠጣ ሲሉት አልጠጣም እያለ ነበር የሚኖረው። ሐኪሙ መጠኑን አስተካከለለት፣ ከዚያ ወዲህ ይውጣል።

ስለዚህ የባለቤትህን ብልቃጥ አትቁጠር፣ ምክንያቷን ጠይቃት። ዴፓኮት ያወፍራል፣ ፀጉር ያሳሳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያስተኛል። ሴት ልጅ ይህን ለባሏ መናገር ሊከብዳት ይችላል። ሌላም ልጠይቅህ፤ ሌላ ልጅ ትፈልጋለች? ይህ መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ ፅንሱን ክፉኛ ይጎዳል፣ ሰምታ ፈርታ ሊሆን ይችላል። ፍርሃቷ ከሆነ ልክ ናት፣ ግን መፍትሔው ጫማ ካርቶን አይደለም፣ ሐኪሙ ወደ ሌላ መድኃኒት ይቀይርላታል። እስከ አሁን ሳትወስድ ከቆየችም በራሷ በሙሉ መጠን እንዳትጀምር፣ ሐኪሙ ጋ ይደወል። የሳምንቱን ቀናት የያዘች የኪኒን ሳጥን ከፋርማሲ ግዙና እሁድ ማታ እሷ ራሷ ትሙላት። አንተ የምታየው ሳጥኗን ብቻ ነው፣ ይህንም ፈቅዳ ከተስማማች።

ሐኪሙ ያለ እሷ ፈቃድ የሕክምናዋን ምስጢር ሊነግርህ አለመፈለጉ እውነት ነው። አንተ የምትነግረውን ግን እንዳይሰማ የሚከለክለው ሕግ የለም። ደውለህ ወይም ጽፈህ ያየኸውን አሳውቀው፤ እየተኛች ነው? ገንዘብ እያወጣች ነው? ኪኒኑ ስንት ወር ቀረ? ከመደወልህ በፊት ለእሷ ንገራት። ደህና በሆነች ጊዜ ደግሞ ለአንተ እንዲነግሩህ የፈቃድ ወረቀት ላይ እንድትፈርምልህ ጠይቃት። ራሷን የመጉዳት ነገር ካነሳች 988 ደውል፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላለህ፤ አስቸኳይ ከሆነ 911።

ልጅቷ ግን ከዚያ ክፍል ትውጣ። እናት በ11 ዓመት ልጇ አፍ ኪኒኔን ትቻለሁ፣ መሞት አምሮኛል ብላ እንዴት ትናገራለች? እዚያ አገር ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ሰኞ ጠዋት ለክሊኒኩ ደውልና ለሚቀጥለው ቀጠሮ የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን በል፤ ልጅቷ በዚያ ቀን ትምህርት ቤት ትዋል።